ፊትና ነጠላ፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በፊልምና በዲጂታል መካከል



ቦታው ሮቸስተር ነው፣ ኒው ዮርክ ግዛት፤ ዓመቱ 1975። (እዚህ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኮዳክ ኩባንያ ወጣት መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ካሜራ ለማለት የሚያስቸግር ዕቃ ተሸክሞ ከቤተ ሙከራው ወጣ። ክብደቱ 3 ኪሎ ተኩል ያልፋል። ሌንሱ ከሱፐር ኤይት ካሜራ የተፈታ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከ16 ባትሪዎች ነው፤ ምስሉን የሚጽፈው ደግሞ በቴፕ ካሴት ላይ ነው። ሳሰን ከዚያው ቤተ ሙከራ አንዲት ሠራተኛ አገኘና ፎቶ እንዲያነሣት ጠየቃት። ምስሉ ካሴቱ ላይ ተጽፎ እስኪያልቅ 23 ሰከንድ ፈጀ። ቴሌቪዥን ላይ ሲከፍቱት የጸጉሯ ቅርጽ ጠቁሮ፣ ከጀርባዋ ያለውም ነጥቶ ታየ። ፊቷ ግን የለም፤ በቦታው የተዘበራረቀ ነጠብጣብ ብቻ። ሳሰንና ረዳቱ ሽቦዎቹን አዟዙረው ካገናኙ በኋላ ነው ፊቷ የተመለሰው።

ያ ምስል ወደ ጎን 100፣ ወደ ታች 100፣ በድምሩ 10,000 ነጥቦች ነበሩት። ጥቁርና ነጭም ነበር። «ጥቁርና ነጭ የፊልም ነው፣ ዲጂታል የቀለም ነው» የሚለው የተለመደ ሙግት ገና ከመነሻው ይሰናከላል ማለት ነው፤ ዲጂታል ፎቶግራፍ የተወለደው በጥቁርና ነጭ ነው፤ ለዚያውም ፊት አጥቶ።

በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር፣ ያኔም ዛሬም፣ ቀለም አያውቅም። የሚያውቀው የብርሃንን ብዛትና ማነስ ብቻ ነው። ቀለም እንዲለይ ያደረገው ሌላው የኮዳክ ሠራተኛ ብራይስ ቤየር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1976 ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ በእያንዳንዷ የሴንሰር ነጥብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ እንደ ወለል ሸክላ ይደረደራል። ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ስለምታይ የቀሩትን ሁለቱን ካሜራው ከጎረቤቶቿ እየጠየቀ በግምት ይሞላል። ስልኩ ላይ «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን የሚነካ ሰው እንግዲህ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው መነሻው ላይ ነው። ቀለም የማያውቀው ሴንሰር ቀለም ይለብሳል፣ ከዚያ ይገፈፋል።

ላይካ ኩባንያ በ2012 ይህን ዙሪያ ጥምጥም ቆረጠው። ኤም ሞኖክሮም የተባለው ካሜራ የቤየር ማጣሪያ የለውም፤ ቀለም ማንሣት ጨርሶ አይችልም፤ ዋጋው ግን ከባለቀለሙ ወንድሙ ይበልጥ ነበር። ትንሽ ለማግኘት ብዙ መክፈል ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያት ግን አለው። ብርሃን በመንገድ ላይ የሚውጥ ማጣሪያ ስለሌለ ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ብርሃን ይበዛል፤ በግምት የሚሞላ ነገር ስለሌለም ምስሉ ጥርት ይላል። በ2023 ፔንታክስም ተመሳሳይ ካሜራ ይዞ ገበያ ወጣ።

በፊልም በኩል ነገሩ ሁሉ ኬሚስትሪ ነው። ከከብት አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ጄላቲን ውስጥ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ብርሃን ሲያርፍባቸው ለዓይን የማይታይ ለውጥ ያድርባቸዋል። ዴቨሎፐር የሚሉት ኬሚካል ብርሃን የነካቸውን ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይለውጣል፤ ፊክሰር ያልተነኩትን አሟሙቶ ያወጣል። ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው፤ ብርሃን የበዛበት ይጠቁራል፣ ጨለማ የነበረበት ጠርቶ ይቀራል። በየፎቶ ቤቱ ይህ ሁሉ «ማጠብ» በምትል አንዲት ቃል ያልቃል። ቃሏ ስታስደንቅ ትኖራለች፤ ልብስ ሲታጠብ ያለው ይለቃል፣ ፊልም ሲታጠብ የሌለው ይመጣል።

የሁለቱ ልዩነት በእውነት የሚታየው ጃን ሜዳ ላይ ነው። የጥምቀት ረፋድ ይታሰብ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የጥር ፀሐይ ሳያመነታ ይወርዳል። አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ከጃንጥላ ሥር ቆመዋል። ጠይም ፊት ከሚያርፍበት ብርሃን አንድ አሥረኛውን ያህል ቢመልስ፣ ንጹሕ ነጠላ ስምንት አሥረኛውን ሊመልስ ይችላል። ፎቶ አንሺዎች ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ «አንድ ስቶፕ» ይላሉ፤ ከአንድ ወደ ስምንት ሦስት እጥፋት ነው፣ 3 ስቶፕ። ፊታቸው በጃንጥላው ጥላ ውስጥ ሆኖ የነጠላው ጫፍ ፀሐይ ከመታው ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ይጨመራል። ከዚያ በላይ የመስቀሉ ብልጭታ አለ፤ ከዚያ በታች ከነጠላው ሥር የተደበቀው ጥቁር ጸጉር።

የካሜራው ብርሃን ለኪ ይህን አያውቅም። የተሠራው ዓለም በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ እንዲያምን ነው፤ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ። ነጠላ ምስሉን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ፊቱም ይጨልማል። በየቤቱ አልበም ውስጥ ልብሳቸው ደምቆ ፊታቸው የማይለይ ዘመዶች ካሉ፣ ጥፋቱ የእነርሱ መልክ ወይም የፊልሙ ክፋት ሳይሆን ለኪውን ያመነው ሰው ነው።

ፊልም የለመደ ፎቶ አንሺ ለጥላው ይለካል፤ መለኪያውን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ነጠላውን ለዕድሉ ይተወዋል። ይህን የሚያደርገው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን የኔጌቲቭን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ፊት በቂ ብርሃን ካላገኘ ኔጌቲቩ ላይ ብር አይኖርም፤ ብር ከሌለ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ጥበብ ሁሉ ባዶ መስተዋት ማሸት ነው። ነጠላው ግን ቢበዛበትም ፊልሙ የሚቀበልበት አኳኋን አለው። እንደ ደረቅ መሬት መጀመሪያ ፈጥኖ ይጠጣል፣ ሲጠግብ ቀስ ይላል፣ ድንገት ግን አይዘጋም። ትራይኤክስን በመሰለ ፊልም ላይ ሁለት ስቶፕ የበዛ ብርሃን ምስል አይገድልም። በኔጌቲቩ ላይ በጠቆረው ነጠላ ውስጥ የጥለቱ ፈትል አለ፤ ማጉሊያው ሥር ያንን ቦታ ጥቂት ሰከንድ ተጨማሪ ብርሃን በመስጠት ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ዲጂታል በተቃራኒው ነው። የሴንሰር ነጥቦች ረከቦት ላይ እንደተደረደሩ ስኒዎች ናቸው፤ ብርሃኑ ቡናው ነው። አንድ ስኒ ከሞላ በኋላ የሚቀዳው ቡና ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል፤ ምን ያህል እንደፈሰሰ ስኒው አይናገርም። የሞላው ነጥብ ሁሉ እኩል ነጭ ነው፤ ነጠላው ወረቀት ይሆናል፣ ጥለቱም ይጠፋል። የፈሰሰውን የሚመልስ ኮምፒዩተር የለም። ስለዚህ በዲጂታል የሚሠራው ሰው ለነጠላው ይለካል፣ እንዳይፈስስ ይጠነቀቃል፣ ፊቱን ጨልሞ እንዲመጣ ይፈቅድና በኋላ ያነሣዋል። ጥሩ ዘመናዊ ሴንሰር ከ12 እስከ 14 ስቶፕ የሚደርስ ርቀት ስለሚይዝ ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። ዋጋው ከጥላ የተነሣው ፊት ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ ነው።

ከፊልም ወደ ዲጂታል የተሻገረ ባለሙያ መጀመሪያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ልማዱ ለፊት መለካት ነው፤ ልማዱን ይዞ ሲሄድ ነጠላው ሁሉ ይቃጠላል። ከዲጂታል ወደ ፊልም የሚመለሰው ወጣት ደግሞ ለነጠላው ለክቶ ፊት አልባ ኔጌቲቭ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ የተሳሳቱት በያዙት ዕቃ ነው።

ቀለም ወደ ግራጫ የሚለወጥበት መንገድም ሌላ ልዩነት ያመጣል። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ የሚውለበለበውን የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ያስተዋለ ሰው ያውቀዋል። መካከል ያለው ቢጫ ደምቆ ይወጣል፣ አረንጓዴውና ቀዩ ግን ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው የቱ ከላይ የቱ ከታች እንደሆነ ሊያምታቱ ይችላሉ። ፊልም የያዘ ሰው መለየት ከፈለገ ቀድሞ መወሰን አለበት። ሌንሱ ላይ ቀይ መስተዋት ቢያደርግ ቀዩ ይነጣል፣ አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ሰማዩም ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ለዚህ ሁሉ 3 ስቶፕ ያህል ብርሃን ይከፍላል። አረንጓዴ መስተዋት ነገሩን ይገለብጠዋል። አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን ሐሳብ መቀየር የለም።

በባለቀለም ዲጂታል ካሜራ ይህ ውሳኔ ወደ ጠረጴዛ ይዛወራል። ቀለሙ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ቀዩን ማንጣትም ማጥቆርም ቤት ገብቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ይቻላል። ቀለም የሌለው ላይካ ሞኖክሮም ግን ባለቤቱን ወደ አያቶቹ ዘመን ይመልሰዋል፤ ቀዩን መስተዋት ከቦርሳው ያወጣል፣ ቀድሞ ይወስናል፣ ይቀበላል። ዲጂታል ሆኖ እንደ ፊልም የሚያስገድድ ዕቃ!

ፊልም ግን ውሳኔን ሁሉ ካሜራው ላይ ይዘጋል ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1941 በኒው ሜክሲኮ፣ ሄርናንዴዝ በተባለች መንደር አጠገብ ሲያልፍ ጨረቃ ከመቃብር ስፍራ መስቀሎች በላይ ወጥታ አየ። ፀሐይ መስቀሎቹን ልትለቅ ደቂቃዎች ቀርተዋታል፤ ብርሃን ለኪው ጠፋበት። የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር ከዚያ ተነሥቶ አሰላና አነሣ። ከዚያች ኔጌቲቭ በቀሩት ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ሕትመቶች ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ላይ ሰማዩ ደመናና ግራጫ አለው፤ በኋለኞቹ ላይ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ኔጌቲቭዋ ራሷም ከመነካካት አልተረፈችም፤ በ1948 የታችኛውን ክፍሏን በኬሚካል አጠንክሮታል። ፊልም «ያልተነካካ እውነት» ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው።

ወደ ቅንጣት እንምጣ። የፊልም ቅንጣት ብሩ ራሱ ነው፤ ያለ ሥርዓት የተበተነ፣ በመካከለኛው ግራጫ ላይ ይበልጥ የሚታይ። የዲጂታል ነጠብጣብ ከጥላ ነው የሚፈልቀው፤ ሥርዓት ባለው ፍርግርግ ላይ ስለሚወድቅም ዓይን እንደ ስሕተት ያየዋል። ሸማቹ ይህን ስለሚያውቅ ኩባንያዎች ቅንጣት መሸጥ ጀመሩ። ፉጂፊልም በ2016 ዲጂታል ካሜራው ውስጥ አክሮስ የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልሙን የሚመስል አሠራር ጨመረ። በ2018 እውነተኛው አክሮስ መመረት እንደሚያቆም አስታወቀ። ለአንድ ዓመት ያህል ሟቹ ፊልም ሳይሆን ጥላው በየካሜራው ውስጥ ኖረ። በ2019 ደግሞ ኩባንያው አክሮስ ሁለት ብሎ ፊልሙን መለሰው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ማየት የሚሻ ሴባስቲያዎ ሳልጋዶን ይመልከት። ብራዚላዊው ሳልጋዶ ካሜራ ከማንሣቱ በፊት በዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ኢኮኖሚስት ነበር። በ1984 ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ኮረም ወደሚገኘው የረሃብ ተጎጂዎች መጠለያ ደረሰ። ስለ ስቶፕና ስለ ቅንጣት ለማውራት የሚከብድ ስፍራ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ፎቶዎች እስከ ዛሬ ሰው የሚያስቆሙት በከፊል በአሠራራቸው ነው። ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሰዎች፣ ከጀርባቸው የሚመጣ ብርሃን፣ አየሩን የሞላ ጭስና አቧራ። ብርሃን ፊት ለፊት ወደ ሌንሱ እየገባ፣ ፊት ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ ሁለቱም መትረፍ ነበረባቸው። በዚያ ሁኔታ ቀስ ብሎ የሚጠግበው ፊልም ባለውለታ ነው።

በ2004 ሳልጋዶ «ጀነሲስ» ያለውን ሥራ ሲጀምር ፔንታክስ 645 ካሜራና ትራይኤክስ ፊልም ይዞ ነበር። ያስመረረው ምስሉ ሳይሆን ጉዞው ነው። ከ2001 በኋላ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ጠብቆ፣ ፊልሙ በየመሸጋገሪያው በኤክስሬይ ያልፍ ጀመር፤ ደጋግሞ ያለፈ ፊልም ስስ ግራጫዎቹን ያጣል። በ2008 ወደ ካኖን ዲጂታል ካሜራ ዞረ። ለዚሁ ሥራ ከላሊበላ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ተራሮች 850 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ የተጓዘውም በዚያው ዓመት ነው፤ ኮረምን ያየ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ተራራና ሸለቆ ፍለጋ መሆኑ የራሱ ታሪክ አለው።

ካሜራው ዲጂታል ሆነ እንጂ ሳልጋዶ አልሆነም። ፋይሎቹን በስክሪን ላይ መምረጥ አልቻለበትም፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ትናንሽ ሆነው በአንድ ወረቀት ላይ ይታተሙለትና በአጉሊ መነጽር እያየ ይመርጥ ነበር። የተመረጡት በዲኤክስኦ ሶፍትዌር የትራይኤክስ ቅንጣት ይረጭባቸው ነበር። በመጨረሻ ከፋይሉ እንደገና ትልቅ ኔጌቲቭ ይሠራ ነበር፣ አራት ኢንች በአምስት ኢንች የሆነ እውነተኛ ፊልም፤ ከእርሱም በጨለማ ክፍል፣ በብር ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። በ2013 «ጀነሲስ» ለሕዝብ ሲታይ በፔንታክስ የተነሣውና በካኖን የተነሣው ጎን ለጎን ተሰቀሉ። ተመልካቹ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ቢከብደው አይፈረድበትም፤ ሳልጋዶ የደከመው ለዚሁ ነበር። ሳልጋዶ በ2025 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ስለ ፊልም ከሚነገሩት ውዳሴዎች አንዱን ግን ማለፍ አይገባም። «አንዱ ጥቅል 36 ምስል ብቻ ስለሆነ ሰውን እንዲያስብ ያደርገዋል፤ ዲጂታል ያባክናል» ይባላል። ጥሩ ወሬ ነው፤ ጋሪ ዊኖግራንድን ግን አይመጥነውም። የኒው ዮርኩ የጎዳና ፎቶ አንሺ በ1984 ሲሞት ያልታጠቡ 2,500 ያህል ጥቅል ፊልሞች፣ ታጥበው ግን ለምርጫ ያልታተሙ 6,500 ያህል ሌሎች ትቶ ሄደ። ያልታጠቡት ብቻ በ36 ሲባዙ 90,000 ምስል ይሆናሉ፤ ሠሪያቸው አንዱንም አላየም። ማባከን በስልክ አልተጀመረም። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ በፊልም የሚሠራ ወጣት የሚቆጥበው ከጥሞና ይልቅ ከችግር ነው፤ ጥቅሉ ከውጭ ተጓዥ ሻንጣ ይጠበቃል፣ ጥቁርና ነጭ የሚያጥብ ፎቶ ቤትም እንደ ልብ አይገኝም።

ዕድሜን በተመለከተ ፊልም የሚፎክርበት ታሪክ አለው። በ1897 ሦስት ስዊድናውያን በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሥተው ጠፉ። በ1930 አስከሬናቸው ከበረዶ ደሴት ሲገኝ ፊልሞቻቸውም አብረው ተገኙ። 33 ዓመት በረዶ ውስጥ የቆየው ፊልም ስቶክሆልም ውስጥ ታጥቦ ከ240 ምስሎች 93ቱ ተረፉ፤ የወደቀው ባሉን፣ ከአጠገቡ የቆሙት ሰዎች፣ የገደሉት ድብ። ዛሬ አንድ ሚሞሪ ካርድ ሠላሳ ሦስት ዓመት በረዶ ውስጥ ቢከርም እንዲህ ይመለሳል ብሎ የሚወራረድ አይኖርም። ዲጂታል ፋይል የሚተርፈው ሰው በየጊዜው ከቦታ ቦታ ሲገለብጠው ነው። ፊልም ደግሞ ሰው ሲረሳውም ሊተርፍ ይችላል፤ እርጥበትና ሙቀት ካላገኘው።

ኢትዮጵያ ውስጥ አሁን የሚያስቸኩለው ሥራ ከሳልጋዶ በተገላቢጦሽ ነው። እርሱ ፋይሉን ወደ ፊልም ወሰደ፤ እዚህ ፊልሙና አልበሙ ወደ ፋይል መሄድ አለባቸው። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ፕሮጀክት ከየቤተሰቡ የቆዩ ፎቶዎችን እየሰበሰበ በዲጂታል ገልብጦ መጽሐፍ አሳትሟል። ኔጌቲቭ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም፤ ከሥር የሚበራ ነጭ ሰሌዳ፣ ቅርብ የሚያነሣ ሌንስ ያለው ካሜራ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማቆሚያ። ገልባጩ ኔጌቲቩን ሰሌዳው ላይ ሲያኖር እኚያ የጥምቀት እናት ተገልብጠው ይታያሉ፤ ነጠላው ጥቁር፣ ፊታቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነው። በዲጂታል ደንብ እንዳይፈስስ የሚጠበቀው ደማቁ ቦታ ነው፤ ደማቁ ቦታ ደግሞ እዚህ ላይ ፊታቸው ሆኗል። ስለዚህ መጠኑን የሚለካው ለፊታቸው ነው። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ምስሉን ይገለብጠዋል፣ ነጠላው ይነጣል፣ ጥለቱም ጠርዙ ላይ ብቅ ይላል።